እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ
ታላቅ መንግሥት ታናሽ ጎረቤቱን ያለ ጦር ስለሚስብበት መንገድ፤ ከሩስያና ከጆርጂያ ታሪክ የተዘጋጀ ትምህርት

፩. የነገሩ ትርጓሜ

ኃይል ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ሰውን ያለ ፈቃዱ የሚያስገድድ ነው፤ ይህም ጦር፣ እስራት፣ መቀጮ፣ ገበያ መዝጋት ነው። ሁለተኛው ሰው በገዛ እግሩ ወደ ሌላው ፈቃድ እንዲመጣ የሚያደርግ ነው፤ ይህም ትምህርት ቤት፣ መጽሐፍ፣ ቴአትር፣ ግብዣ፣ ሹመት፣ ነፃ የትምህርት ዕድል፣ የሃይማኖት ዝምድና ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ጆሴፍ ናይ በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሁለተኛውን ወገን «ለስላሳ ኃይል» ብለው ሰየሙት። ስሙ አዲስ ቢሆንም ነገሩ ጥንታዊ ነው።

ለስላሳ መባሉ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ሲነካ አይሻክርምና። ኃይል መባሉስ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ የተነካውን ከቆመበት ያንቀሳቅሰዋልና። አበው «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነገር ነው። ወንዝ የሚሻገር ሰው ውኃው ቁርጭምጭሚቱን ሲነካው ደስ ይለዋል፤ ጉልበቱ ሲደርስ ይስቃል፤ ወገቡ ሲደርስ ግን እግሩ መሬቱን ለቆ ይገኛል።

ለደቀ መዛሙርት የቀረበው ምሳሌ በትንቢተ ዳንኤል በመጀመሪያው ምዕራፍ አለ። ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ ከይሁዳ ልጆች መልካቸው ያማረውን፣ አእምሯቸው የበራውን አስመርጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። አልገረፋቸውም፤ በሰንሰለትም አላሰራቸውም። የከለዳውያንን ፊደልና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማሩ፣ ንጉሡ ከሚበላው ማዕድ እንዲበሉ አዘዘላቸው፤ የጃንደረቦቹም አለቃ አዲስ ስም አወጣላቸው። ፊደል፣ ማዕድ፣ ስም፤ እነዚህ ሦስቱ የለስላሳ ኃይል መሣሪያዎች ናቸው። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ ግን ነገሩን ለዩት። ፊደሉን ተማሩ፤ ማዕዱን ተዉ፤ በተሰጣቸው ስም ቢጠሩም የአባቶቻቸውን አምላክ አልረሱም። በፈተና ቀንም በንጉሡ ፊት ከሁሉ በልጠው ተገኙ።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት ጥያቄ ይህ ነው። ታናሽ ሕዝብ ከታላቅ ጎረቤቱ ፊደሉን ተቀብሎ የራሱን ስም ሊጠብቅ ይችላልን? መልሱን ለማግኘት የአንዲት ታናሽ ክርስቲያን አገር ታሪክ ይመረመራል፤ እርስዋም ጆርጂያ ናት። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፪. ጆርጂያና ቅድስት አገር

ጆርጂያ ከካውካሰስ ተራሮች በስተ ደቡብ፣ በጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳር የምትገኝ አገር ናት። ሕዝቧ 4 ሚሊዮን አይሞላም፤ በሰሜን የምታዋስናት ሩስያ ግን ከ140 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። ጆርጂያ ክርስትናን የተቀበለችው በ4ኛው መቶ ዓመት በቅድስት ኒኖ ስብከት፣ በንጉሥ ሚርያን ዘመን ነው። ቤተ ክርስቲያንዋ የኬልቄዶንን ጉባኤ የምትቀበል ስለሆነች በሃይማኖት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ አይደለችም። ይሁን እንጂ የጥንት ክርስትናዋ፣ የራስዋ ፊደል፣ ለኢየሩሳሌምም የነበራት ፍቅር ለኢትዮጵያዊ ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም።

ቅድስት አገርን ለሚሳለም ሰው የዚህ ሕዝብ ምልክት ሩቅ አይደለም። ከኢየሩሳሌም ምዕራብ ያለው ገዳመ መስቀል፣ ለጌታ መስቀል የሆነው ዛፍ የበቀለበት ነው እየተባለ የሚነገርለት፣ በ11ኛው መቶ ዓመት በጆርጂያ መነኮሳት የተሠራ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ግን ዕዳ ስለ በዛባቸው ከእጃቸው ወጥቶ ለግሪክ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ተላለፈ። ደግሞ በቤተ ልሔም አጠገብ ቢር ኤል-ቁጥ በሚባለው ስፍራ በፈረሰ ገዳም ወለል ላይ በ5ኛው መቶ ዓመት በጆርጂያ ፊደል የተጻፈ የሞዛይክ ጽሕፈት ከ1950 ወዲህ ተቆፍሮ ተገኝቷል። ይህም ከጆርጂያ ጽሕፈቶች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው።

ይህ የተነገረበት ምክንያት አለ። ታላቁ ጎረቤት «ላስተምርህ» ብሎ ወደ ጆርጂያ በመጣ ጊዜ፣ ያ ሕዝብ በራሱ ፊደል መጻፍ ከጀመረ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

፫. በሃይማኖት በር መግባት

በ18ኛው መቶ ዓመት ምሥራቃዊው የጆርጂያ መንግሥት በፋርስና በኦቶማን ቱርክ መካከል ተጨንቆ ይኖር ነበር። ንጉሥ ኤሬክሌ ዳግማዊ በሃይማኖት የሚመስላቸውን ረዳት ሲፈልጉ ዓይናቸው ወደ ሰሜን ተመለከተ። በ1783 ጊዮርጊየቭስክ በሚባለው ምሽግ ከሩስያ ንግሥተ ነገሥት ከካትሪን ዳግማዊት ጋር ውል ተፈረመ። በውሉ መሠረት ሩስያ ጆርጂያን ከጠላት ትጠብቃለች፤ ንጉሡና ዘራቸው በዙፋናቸው ይኖራሉ፤ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገው ጉዳይ ግን በሩስያ ፈቃድ ይሆናል። የጆርጂያ ሊቀ ጳጳሳት የሆኑት ካቶሊኮስም በሩስያ ቅዱስ ሲኖዶስ አባልነት ክብር ይሰጣቸዋል።

አንባቢ ልብ ይበል። ይህን ውል ጦር አላስፈረመውም። ያስፈረመው ፍርሃትና ተስፋ ነው፤ የተስፋው መሠረትም የአንድ ሃይማኖት ዝምድና ነበረ። ለካቶሊኮሱ የተሰጠው ወንበር ክብር ይመስል ነበር፤ ነገር ግን በራስዋ የምትመራ ቤተ ክርስቲያን አለቃ በሌላ ቤት ወንበር ላይ መቀመጥ ሲጀምር የቤቱን ሥርዓት መቀበሉ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። በ1795 የፋርስ ገዥ አጋ ሙሐመድ ካን ትብሊሲን ወርሮ አቃጠላት፤ ተስፋ የተደረገው የሩስያ ሠራዊት በጊዜው አልደረሰም። በ1801 ቀዳማዊ አሌክሳንደር ምሥራቃዊት ጆርጂያን የሩስያ ክፍለ ሀገር አድርገው የንጉሦችዋን ዙፋን አጠፉ። ካቶሊኮስ አንቶን ዳግማዊ ወደ ሩስያ ተወሰዱ፤ በ1811ም የቤተ ክርስቲያኒቱ ራስዋን የማስተዳደር መብት ተሽሮ በፔተርስቡርግ ሲኖዶስ ሥር በኤክሳርክ እንድትተዳደር ተደረገ። ኤክሳርክ ማለት እንደራሴ ሊቀ ጳጳስ ማለት ነው። የመጀመሪያው ኤክሳርክ ጆርጂያዊ ነበሩ፤ ከ1817 እስከ 1917 ድረስ የተሾሙት ግን ሁሉም የውጭ ሰዎች ነበሩ። በ1819 እና በ1820 ኤክሳርክ ቴዎፊላክት የአጥቢያዎችን ቍጥር ሊቀንሱና የአብያተ ክርስቲያናትን ንብረት ሊመዘግቡ በተነሡ ጊዜ የኢሜሬቲና የጉሪያ ሕዝብ ዐመፀ። የኩታይሲና የጌላቲ ጳጳሳት ታሰሩ፤ የኩታይሲው ሜትሮፖሊት ዶሲቴዎስ ወደ ግዞት ሲወሰዱ በመንገድ ዐረፉ።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ቦታ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሳያስብ አያልፍም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስዋን ከእስክንድርያ መንበር ስትቀበል ኖራ፣ የራስዋን ሊቀ ጳጳሳት ያገኘችው በ1951፣ ፓትርያርክዋንም በ1959 ነው። እረኛው የመንጋውን ቋንቋ ሳያውቅ ሲቀር የሚደርሰውን ችግር አበው በሚገባ ያውቁት ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም። ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳሳት ግዕዝን ከመቅደስ አላስወጡም፤ በጆርጂያ ግን ጳጳሱን ተከትሎ ቋንቋው መጣ።

፬. ግብዣና ቴአትር

በ1832 የጆርጂያ መኳንንት በሩስያ ገዥዎች ላይ በምስጢር ተማማሉ፤ ነገሩ ግን ሳይፈጸም ተገለጠ፤ ማኅበርተኞቹም ተይዘው ብዙዎቹ ተጋዙ። ከዚህ በኋላ ፔተርስቡርግ አንድ ነገር ተረዳ፤ የታሰረ መኰንን የቂም ወዳጅ ሆኖ ይመለሳል፤ የተሾመና የተጋበዘ መኰንን ግን የጋባዡ ወዳጅ ይሆናል።

ይህን ጥበብ በሙሉ የሠራበት ልዑል ሚካኤል ቮሮንትሶቭ ነው። ከ1844 እስከ 1854 የካውካሰስ እንደራሴ ሆኖ ሲገዛ የጆርጂያ መኳንንትን በቤተ መንግሥቱ ጋበዘ፤ ማዕረጋቸውን አከበረላቸው፤ ልጆቻቸው በሩስያ ትምህርት ቤቶች እንዲማሩ መንገድ ከፈተላቸው። በትብሊሲ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ፤ በ1846 ጋዜጣ ታተመ፤ በ1851 የኦፔራ ቤት ተከፈተ። ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው በ1850 በጊዮርጊ ኤሪስታቪ የተደረሰ ቴአትር በራሱ በጆርጂያ ቋንቋ እንዲታይ መርዳቱ ነው።

ፍሬው ምን ሆነ ቢሉ፥ በ1832 ሤራ ተካፋይ ከነበሩት አንዱ ባለቅኔው ግሪጎል ኦርቤሊያኒ በኋላ የሩስያ ጄኔራል ሆነው በትብሊሲ ከፍተኛ አስተዳዳሪ እስከ መሆን ደረሱ። በሰይፍ ያልታዘዘው በማዕድ ታዘዘ። ቮሮንትሶቭ የተከናወነለት ስለ ምን ነው ቢሉ፥ ጆርጂያውያን ባላቸው ላይ ጨመረላቸው እንጂ ያላቸውን አልቀማቸውምና። ቴአትራቸው በቋንቋቸው ሲሠራ፣ ስማቸው በክብር ሲጠራ፣ ከሩስያ ጋር መኖር ራስን ማጣት ሆኖ አልታያቸውም። የለስላሳ ኃይል ከፍተኛው ደረጃ ይህ ነው፤ ተሳቢው መሳቡን የማያውቅበት።

፭. የትብሊሲ ሴሚናሪ

ተተኪዎቹ ግን የቮሮንትሶቭን ትዕግሥት አልወረሱም። የለውጡ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በአንድ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የትብሊሲ ሴሚናሪ በ1817 ተከፈተ። በዚያ ዘመን በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ስላልነበረ የድኻ ካህን ልጅ ከፍ ያለ ዕውቀት የሚያገኝበት በር እርሱ ነበረ። ስጦታው ትልቅ ነበር፤ መጽሐፍ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሩስያ መንፈሳዊ አካዳሚዎች የሚወስድ መንገድ ይገኝበት ነበር።

ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ግን የስጦታው ዋጋ ከፍ እያለ ሄደ። ትምህርቱ በሩስያ ቋንቋ ሆነ፤ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው በጆርጂያ ቋንቋ ሲነጋገሩ መቀጣት ጀመሩ፤ በቋንቋቸው የተጻፈ ጋዜጣና መጽሐፍ ተከለከለባቸው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የጆርጂያ ቋንቋ ቅዳሴ በስላቮን ቋንቋ ተተካ፤ በምጽኸታ ታላቅ ካቴድራል የነበሩት የጥንት የግድግዳ ሥዕሎችም ቀደም ሲል በኖራ ተለቅልቀው ነበር። ጥንት ከንጉሣቸው ጋር በአንድ ሃይማኖት ስም ውል የተፈረመላቸው ሰዎች አሁን በዚያው ሃይማኖት ስም በእናታቸው ቋንቋ እንዳይጸልዩ ተደረጉ።

የዚህ መጨረሻ መልካም አልሆነም። በ1886 ከሴሚናሪው የተባረረ ላጊያሽቪሊ የተባለ ወጣት ርእሰ መምህሩን ፓቬል ቹዴትስኪን በጩቤ ወግቶ ገደለው። መግደል ኃጢአት ነው፤ ለማንም ጀግንነት ሆኖ ሊቈጠር አይገባም። ነገር ግን ከዚያ የከፋ ነገር ተከተለ። ሩስያዊው ኤክሳርክ ስለ አንዱ ወጣት በደል ሕዝቡን ሁሉ ረገሙ ተብሎ ተወራ። በኩታይሲ የመኳንንት አለቃ የነበሩት ሽማግሌው ዲሚትሪ ኪፒያኒ ለኤክሳርኩ ደብዳቤ ጻፉ፤ የተወራው እውነት ከሆነ ከረገሙት ሕዝብ አገር ወጥተው እንዲሄዱ በአክብሮት ለመኑዋቸው። ስለዚህ ደብዳቤ ኪፒያኒ ወደ ስታቭሮፖል ተጋዙ፤ በ1887ም በዚያው ተገደሉ።

እነሆ የመንግሥት ወዳጅ ለማፍራት የተሠራው ትምህርት ቤት የመንግሥት ጠላት ማፍሪያ ሆነ። በ1890ዎቹ የሴሚናሪው ተማሪዎች የጆርጂያ ቋንቋ ትምህርት እንዲሰጣቸው አድመው ብዙዎቹ ተባረሩ። በ1894 ወደዚያው ሴሚናሪ የገባ ዮሴብ ጁጋሽቪሊ የሚባል የጫማ ሠሪ ልጅ በ1899 ትምህርቱን ሳይፈጽም ወጣ፤ ዓለም በኋላ ስታሊን በሚለው ስም ያወቀው እርሱ ነው። ተማሪ ሳለ በገዛ ቋንቋው ግጥም እየጻፈ በ1895 በጆርጂያ ጋዜጣ አሳትሞ ነበር። በሴሚናሪው ውስጥ የተዘራው ሁሉ ዘሪው ባልጠበቀው መልክ በቀለ።

፮. የተሬክን ውኃ የጠጡ

ከዚህ ሁሉ መካከል ግን ጩቤ ያላነሡ፣ ረጋሚንም በርግማን ያልመለሱ ሌሎች ነበሩ። ከጆርጂያ ወደ ሩስያ የሚሄድ ተማሪ ተሬክ የሚባለውን ወንዝ ይሻገር ስለነበር፣ በሩስያ ተምረው የተመለሱት ወጣቶች በአገራቸው ቋንቋ «ተርግዳሌኡሌቢ» ተባሉ፤ ትርጓሜውም «የተሬክን ውኃ የጠጡ» ማለት ነው። በመጀመሪያ ነገሩ ለትችት የሚነገር ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ጠጥቶ የመጣ ሰው እንደ ቀድሞው አይሆንም ማለት ነውና።

ከነዚህ አንዱ ኢልያ ቻቭቻቫድዜ ነው። ከ1857 እስከ 1861 በፔተርስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ከሩስያ መጻሕፍት የሕዝብን ነፃነትና የገበሬን መብት የሚመለከት ሐሳብ ቀሰመ፤ ወደ አገሩ ሲመለስም ያን ሐሳብ በጆርጂያ ቋንቋ ጻፈው። በ1877 «ኢቬሪያ» የተባለ ጋዜጣ መሠረተ። በ1907 በሽፍቶች እጅ ተገደለ፤ በ1987ም የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን «ጻድቁ ኢልያ» ብላ ከቅዱሳን ጋር ቈጠረችው።

ሁለተኛው ያኮብ ጎጌባሽቪሊ ነው፤ የእርሱ ታሪክ ለሴሚናሪ ተማሪ ይልቁንም ይጠቅማል። የካህን ልጅ ነበረ። በትብሊሲ ሴሚናሪ ተማረ፤ ከዚያም በኪየቭ መንፈሳዊ አካዳሚ ተምሮ ተመለሰና በሴሚናሪው መምህር ሆነ። ሐሳቡ አልወደድ ብሎ ከመምህርነቱ ቢወጣም አልተቀመጠም። በ1876 ለሕፃናት የንባብ መማሪያ አዘጋጅቶ «ደዳ ኤና» ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜውም «የእናት ቋንቋ» ማለት ነው። ከፊደል ጀምሮ በሚታወቁ ቃላት፣ በቀላል ዐረፍተ ነገር፣ በተረትና በግጥም ሕፃኑን ደረጃ በደረጃ ያወጣዋል። በትምህርት ቤቶች የጆርጂያ ቋንቋ ቦታው በተጣበበ ጊዜ ይህ መጽሐፍ በየቤቱ ገባ፤ ትውልድ ከትውልድ ተምሮበታል። በ1879 ደግሞ እርሱና ኢልያ ከሌሎች ጋር በጆርጂያውያን መካከል ማንበብና መጻፍን የሚያስፋፋ ማኅበር አቋቋሙ፤ ማኅበሩም ትምህርት ቤት ከፈተ፣ መጻሕፍት አሳተመ፣ የጥንት ብራናዎችን ሰበሰበ።

ምሥጢሩን መመልከት ይገባል። ጎጌባሽቪሊ የማስተማርን ጥበብ ያገኘው ከሩስያ ትምህርት ቤት ነው። የሩስያን ሊቃውንት አልጠላም፤ የሩስያ ቋንቋ ማወቅ ይጠቅማል ብሎ የሩስያ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ለጆርጂያ ልጆች አዘጋጅቷል። ነገር ግን ሕፃን የባዕድ ቋንቋን በሚገባ የሚማረው በእናቱ ቋንቋ ከቆመ በኋላ ነው ብሎ አስተማረ። ጥበቡን ተቀበለ፤ ራሱን አልሰጠም። ዳንኤል በባቢሎን ያደረገውን እርሱ በትብሊሲ አደረገ።

፯. ከ1917 ወዲህ

የሩስያ ንጉሠ ነገሥት በ1917 ከዙፋን በወረዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የጆርጂያ ካህናትና ምእመናን በምጽኸታ ተሰብስበው የቤተ ክርስቲያናቸውን ራስዋን የማስተዳደር መብት አወጁ። መቶ ዓመት የሞላው ሥራ በጥቂት ቀን ፈረሰ። የሩስያ ቤተ ክርስቲያን ይህን መብት የተቀበለችው በ1943፣ የቍስጥንጥንያ ፓትርያርክም በ1990 ነው። አገሪቱ በ1918 ነፃነትዋን ብታውጅም በ1921 ቀዩ ጦር ገባባትና በሶቭየት ሥር ሆነች። በ1978 የጆርጂያ ቋንቋ የመንግሥት ቋንቋ መሆኑ ከሕገ መንግሥቱ ሊወጣ በታሰበ ጊዜ ሕዝቡ በትብሊሲ አደባባይ ወጣ፤ የሶቭየት ባለ ሥልጣኖችም ሐሳቡን መተው ግድ ሆነባቸው። ከደዳ ኤና የተማሩት የልጅ ልጆች ናቸው አደባባይ የወጡት።

ጆርጂያ በ1991 ነፃነትዋን ካወጀች በኋላም የጎረቤቱ እጅ አልታጠፈም። ሩስያ በ2007 ቋንቋዋንና ባህልዋን በውጭ አገር የሚያስፋፋ «ሩስኪ ሚር» የሚባል ድርጅት አቋቋመች። የሩስያ ቴሌቪዥን፣ በሩስያ የሚሠሩ ዘመዶች፣ የጋራ ሃይማኖት፣ የጆርጂያ ወይን ጠጅ ገበያ፣ እነዚህ ሁሉ የሚስቡ ገመዶች ናቸው። ይሁን እንጂ ለስላሳው እጅ የሰበሰበውን ጠንካራው እጅ ይበትነዋል። በ2006 የጆርጂያ ወይን ጠጅና የቦርጆሚ ማዕድናዊ ውኃ ወደ ሩስያ እንዳይገባ ታገደ፤ በ2008 ጦርነት ሆነ፤ ሩስያም አብካዝያንና ደቡብ ኦሴትያን እንደ ነፃ መንግሥታት ዐወቀች። ከጆርጂያ መሬት ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ከመንግሥቱ አስተዳደር ውጭ ሆነ። የሁለቱ መንግሥታት የዲፕሎማሲ ግንኙነት ተቋረጠ። የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ግንኙነት ግን አልተቋረጠም፤ በወጣትነታቸው በሩስያ መንፈሳዊ ትምህርት ቤቶች የተማሩት ፓትርያርክ ኢልያ ዳግማዊ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ለሞስኮው ፓትርያርክ ቀብር ሄደው ከሩስያ ፕሬዚዳንት ጋር ተነጋገሩ። የሩስያ ቤተ ክርስቲያንም ሁለቱን ግዛቶች ከጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን ሀገረ ስብከት አልነጠለችም።

በ2013 የወይን ጠጁ እገዳ ተነሣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከጆርጂያ ወደ ውጭ ከሚላከው ወይን ጠጅ ከግማሽ በላይ የሚገዛው እንደገና ሩስያ ሆነ። በግንቦት 2023 ሩስያ ለጆርጂያ ዜጎች የቪዛ ግዴታን አነሣች፤ የተቋረጠውንም የአውሮፕላን በረራ ፈቀደች። የተከፈተ በር ሁሉ ምሕረት ይመስላል፤ ነገር ግን የሚከፍት እጅ የሚዘጋም እንደሆነ ወይን ተካዩ ከ2006 ጀምሮ ያውቃል።

ለፍርድ ሚዛን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ለስላሳ ኃይል የሩስያ ብቻ አይደለም። ጆርጂያ በ2010 እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆኑ የውጭ አገር ሰዎችን ወደ ትምህርት ቤቶችዋ አስመጥታ ማስተማር ጀመረች፤ በ2017 ዜጎችዋ ያለ ቪዛ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለአጭር ጊዜ እንዲገቡ ተፈቀደላቸው። ይህም መሳቢያ ነው። የሩቁ ታላቅ እንደ ቅርቡ ታላቅ ይመረመራል፤ ስጦታ ከየትም ቢመጣ የሚመዘንበት ሚዛን አንድ ነውና።

፰. ስጦታን ስለ መመዘን

ከዚህ ታሪክ አራት የመመዘኛ ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፥ ስጦታው ይጨምራል ወይስ ይተካል? የቮሮንትሶቭ ቴአትር በጆርጂያ ቋንቋ ላይ ሌላ መድረክ ጨመረ፤ የሴሚናሪው ሕግ ግን የጆርጂያን ቋንቋ በሌላ ተካ። የሚጨምር ይወደዳል፤ የሚተካ ይጠላል።

ሁለተኛ፥ ተቀባዩ «አይሆንም» ለማለት ይችላልን? ኪፒያኒ በአክብሮት «አይሆንም» ቢሉ ተጋዙ። እምቢ ሊባል የማይችል ስጦታ የስጦታ ስም ያለው ትእዛዝ ነው።

ሦስተኛ፥ የተማረው ሰው ሲመለስ ለማን ያስተምራል? የተሬክን ውኃ ጠጥቶ በማዶ የቀረ ለራሱ ተማረ፤ ጠጥቶ ተመልሶ ለሕፃናት ፊደል የጻፈ ለሕዝቡ ተማረ።

አራተኛ፥ ስጦታው ሲቋረጥ ምን ይቀራል? ገበያው ሲዘጋ ወይን ተካዩ ተቸገረ፤ የእናት ቋንቋ መጽሐፍ ግን ማንም ሊዘጋው የማይችል ሆኖ በየቤቱ ቀረ።

ለታላላቆችም የሚሆን ቃል አለ። በሃይማኖት ዝምድና የተከፈተ ልብ በሃይማኖት ስም ሲገፋ ከማንም ይልቅ ይመረራል። መቶ ዓመት ኤክሳርክ መሾም ጆርጂያን ሩስያ አላደረጋትም፤ ይልቁን በ1917 ለመጀመሪያው ነፃ ሥራዋ ቤተ ክርስቲያንዋን ማስመለስን መረጠች።

ከአገሩ ርቆ በሌላ ሕዝብ ከተማ፣ በሌላ ሕዝብ ቋንቋ የሚማር ደቀ መዝሙር ይህን ታሪክ ለራሱ ያድርገው። ከሩቅ የሚመጣ የትምህርት ዕድል፣ መጽሐፍና ማዕድ የሚናቅ አይደለም፤ በምስጋና ሊቀበሉት ይገባል። ነገር ግን በሌሊት ዳዊቱን የሚደግምበትን ቋንቋ፣ ያስተማሩትን የየኔታን ስም፣ ሊመለስበት የሚገባውን ደብር ለምንም ስጦታ መያዣ አድርጎ አያስይዝ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 የተነገሩት ሦስቱ መሣሪያዎች፣ ፊደል፣ ማዕድና ስም፣ በጆርጂያ ታሪክ በየትኞቹ ድርጊቶች ይታያሉ?

2. በ1783 ለካቶሊኮሱ የተሰጠው የሲኖዶስ ወንበር ክብር ነበረን? ወይስ የ1811ዱ ሽረት መጀመሪያ ነበረ? ሁለቱንም ወገን በማስረጃ ተከራከሩ።

3. ከሴሚናሪው ከወጡት መካከል ላጊያሽቪሊና ጎጌባሽቪሊ ለአንድ በደል ሁለት መልስ ሰጡ። የማንኛቸው መልስ ለሕዝቡ ቀረ? ስለ ምን?

4. በአሁኑ ጊዜ ከውጭ የሚሰጥ አንድ የትምህርት ዕድል አስቡና በአራቱ መመዘኛዎች መዝኑት።